መንገዱን የበላው ዝናቡ ነው? ስለ ኮልፌ መንገዶች ጥገና የሚወራው እውነትና ተረት

ሐምሌ አጋማሽ ነው፤ ቦታው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ። ከአጠና ተራ ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የሚሄደው ሚኒባስ ውሃ የሞላ ጉድጓድ ፊት ደርሶ ቆመ። ሹፌሩ ጥልቀቱን አያውቀውም፤ የሚያየው የደፈረሰ ውሃ ብቻ ነው። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "በቀኝ ያዘው! በቀኝ!" ይላል። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ አዛውንት አላስቻላቸውም። "ነዳጅ ስትቀዱ ይቆርጣሉ፣ ቦሎ ስታወጡ ያስከፍላሉ፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?" አሉ። "አባቴ፣ ዝናቡ እኮ ነው፤ ምን ይደረግ" አለ ሹፌሩ። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ደግሞ "ዝናቡማ ድሮም ነበር። የባሰበትን ቀድመው ቢደፍኑት ምን አለበት?" አለች።

እነዚህን ሦስት ንግግሮች በየክረምቱ እሰማቸዋለሁ፤ ለቅሶ ቤት፣ እድር ላይ፣ በወረዳ ስብሰባ። የሚናገሩት ሰዎች በየቀኑ በጭቃ የሚመላለሱ ናቸውና ቁጣቸው ይገባኛል። እያንዳንዱ አባባል ውስጥም የእውነት ቁራጭ አለ። ግን ቁራጩን ይዘን ሌላውን ስለምንጥለው፣ ስብሰባ ላይ እድሉ ሲሰጠን የምንጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "መንገዳችን መቼ ይሠራል?" ለዚህ ጥያቄ መልሱ ደግሞ ሁልጊዜ "በቅርቡ" ነው። ሌላ ጥያቄ ለመጠየቅ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚወራውን አንድ በአንድ እናንሳው።

ተረት፦ "አስፋልቱን የሚያፈርሰው ዝናብ ነው"

አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ብዙ ነው። ነገር ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ በግራና በቀኝ ወገን የሚወርደው ዝናብ ያው አንድ ነው። አንዱ ወገን ደህና ሆኖ ሌላው የሚቦረቦረው ለምንድን ነው? ቆም ብላችሁ ጠርዙን እዩ። ደህና በሆነው በኩል ቦዩ ክፍት ነው። በተቦረቦረው በኩል ቦዩ በአፈር፣ በውሃ ላስቲክና ከግንባታ በተጣለ ፍርስራሽ ተሞልቷል፤ ወይም የጎርፍ መቀበያው አፉ ተደፍኗል።

እኛ አስፋልት የምንለው ጥቁር ንጣፍ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው ከሥሩ የተጠቀጠቀው የተፈጨ ድንጋይና የተመረጠ አፈር ነው። ንጣፉ እንደ ጣሪያ ነው፤ ከሥር ያለው ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ ይከላከላል። የአዲስ አበባ የከፍታ ፀሐይ ሬንጁን ዓመት ከዓመት ያደርቀዋል፤ የደረቀ ሬንጅ እንደ ድሮው መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። መጀመሪያ የሚታየው ስንጥቅ የፀጉር ያህል ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ውሃው በዚያ ይገባል። ከሥር ያለው አፈር ይረጥባል፣ ይላላል። ጎማ በረገጠው ቁጥር ውሃው ደቃቁን አፈር ይዞ በስንጥቁ ወደ ላይ ይተፋል፤ ከሥር ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ከዚያ አንድ ቀን የላይኛው ንጣፍ ይደረመስና ጉድጓድ ይባላል። አባቶች ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ለዚህም ይሠራል፤ ጉድጓዱን በሐምሌ እናየዋለን እንጂ ሥራው የተጀመረው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

ኮልፌ ደግሞ ተዳፋት ሰፈር ናት። ከላይኛው መንደር የወረደ ጎርፍ ወደ ትንሹ አቃቂና ወደ ገባሮቹ ከመድረሱ በፊት ቦይ ካላገኘ አስፋልቱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። ጠርዙን ይቦረቡራል፤ ጠርዙ የሄደ አስፋልት ደግሞ ዳር እንደሌለው ድፎ ዳቦ ከጎን እየተቆረሰ ይጠባል። ከወይራ ሰፈር እስከ ቀራኒዮ፣ ከቤተል እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር ይህን ያላየ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም።

ከውሃ ቀጥሎ ሁለተኛው አፍራሽ ክብደት ነው፤ እዚህ ላይ "መኪና በዛ" የሚለው ወሬም መታረም አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በተሠራ ትልቅ የመንገድ ፍተሻ፣ ልዩ ልዩ ጭነት የያዙ መኪኖች በተዘጋጁ የሙከራ መንገዶች ላይ ለሁለት ዓመት ያህል ተመላለሱ። የተገኘው ውጤት እስከ ዛሬ የመንገድ መሐንዲሶች የሚመሩበት ነው፦ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይሆናል። 1 ቶን በአክስሉ ላይ የሚያርፍ የቤት መኪናና 10 ቶን የሚያርፍ የጭነት መኪና ሲነጻጸሩ ልዩነቱ 10,000 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት አየር ጤና ላይ የሚሰለፉት ሚኒባሶችና የቤት መኪኖች መንገዱን ያጨናንቁታል እንጂ አይሰብሩትም። የሚሰብረው ሌሊት ከልክ በላይ ድንጋይና አሸዋ ጭኖ ወደ ግንባታ ቦታ የሚገባው ሲኖትራክ ነው። አንዳንዱ ይህን ክብደት ይዞ የሚገባው ለቀላል መኪና ተብሎ ወደተነጠፈ የውስጥ መንገድ ነው፤ በአንድ ሌሊት የሚያደርሰው ጉዳት የሰፈሩ መኪኖች በብዙ ቀን ከሚያደርሱት ሊበልጥ ይችላል።

ተረት፦ "ነዳጅ ላይ የምንከፍለው ለመንገዳችን ይበቃል"

የአዛውንቱ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ በእርግጥም ይሰበሰባል፤ የሚሄድበትም የታወቀ ቦታ አለ።

የመንገድ ፈንድ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ነው። ከዚያ በፊት ለጥገና የሚውለው ገንዘብ ከመንግሥት አጠቃላይ በጀት ይወጣ ነበር፤ በጀቱ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነበር። ፈንዱ የተፈጠረው ይህን ለማስቀረት ነው፦ መንገድ የሚጠቀም ይክፈል፣ የተከፈለውም ለሌላ አይዋል። ዋና ምንጮቹ ሦስት ናቸው፤ በነዳጅ ላይ በሊትር የሚታሰብ ክፍያ፣ በየዓመቱ ቦሎ ሲታደስ የሚከፈለው፣ ከልክ በላይ ከጫኑ መኪኖች የሚሰበሰብ ቅጣት። በአዋጁ መሠረት ይህ ገንዘብ ለጥገናና ለመንገድ ደህንነት ሥራ ነው። አዲስ መንገድ አይገነባበትም።

አሁን ክፍፍሉን እንመልከት። ለረጅም ዓመታት በሠራው ድልድል ከተሰበሰበው 100 ብር ውስጥ 70 ብሩ ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 ብሩ ለክልል መንገዶች፣ 10 ብሩ ለከተሞች ይሄዳል። አዲስ አበባ የምትካፈለው ከዚያ ከ10 ብር ውስጥ ነው፤ እሱንም ከሌሎች ከተሞች ጋር። ኮልፌ የሚኖር ሹፌር ቤንዚን ሲቀዳ የከፈለው ሳንቲም አብዛኛው ጅማ፣ ጎንደር ወይም ሞያሌ መስመር ላይ ያለ አስፋልት ይጠግናል ማለት ነው። ይህን እንደ ስርቆት መቁጠር ልክ አይደለም። ጤፉም ቡናውም የሚመጣልን በእነዚያ መንገዶች ነው። ይሁን እንጂ ከአገሪቱ ተሽከርካሪዎች እጅግ ብዙዎቹ የሚርመሰመሱባት ከተማ ከ10 ብር ላይ መካፈሏ ይበቃል ወይ ብሎ መጠየቅ የነዋሪ መብት ነው። እኔ በግሌ አይበቃም ባይ ነኝ።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የማያነሳው። የነዳጁ ክፍያ ሲጀመር የተተመነው በሊትር ይህን ያህል ሳንቲም ተብሎ ነው፤ ከዋጋው መቶኛ ተሰልቶ አይደለም። የዚህ ልዩነት ትልቅ ነው። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ በመቶኛ የተሰላ ክፍያ ቢሆን አብሮ ያድግ ነበር፤ በሳንቲም የተቆረጠ ግን ባለበት ይቆማል፣ ካልተነካ በስተቀር አቅሙ በየዓመቱ ይሟሽሻል። የጥገናው ወጪ ግን አይጠብቅም። ሬንጅ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ አንድ ጉድጓድ የመድፈን ዋጋም ተቀየረ፤ ጉድጓዱ ግን ያው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውንም ከአሁኑ ማሰብ ይገባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ ይታያል። ጥሩ ነው፣ ጭስ የለውም። ግን ባለቤቱ ነዳጅ አይቀዳም፤ ስለዚህ በሊትር ከሚሰበሰበው የጥገና ክፍያ ውጭ ነው፤ መኪናው ደግሞ በባትሪው ምክንያት ከመሰሉ የቤንዚን መኪና ይከብዳል። ፈንዱ የቆመው ነዳጅ ላይ ከሆነና ነዳጅ የሚቀዳው ሰው እየቀነሰ ከሄደ፣ በቦሎ ወይም በሌላ መንገድ ምንጩን ማስተካከል ሳይዘገይ መጀመር ያለበት ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ከተማዋ ገንዘብ የላትም ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ለ2017 በጀት ዓመት ያጸደቀው ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። ከፈንዱ የሚመጣው ከተማዋ ከራሷ ከምትመድበው ጋር ይደመራል። ስለዚህ ከጠቅላላው ድምር ይልቅ መመርመር ያለበት፣ ለአዲስ ግንባታ ከተያዘው ጎን ለነባሩ መንገድ ጥገና ስንት ተያዘ የሚለው ነው። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል። ሰባት ዓመት የሞላው አስፋልት ስንጥቁ ሲታሸግ ማንም አያጨበጭብም። በኮሪደር ልማት የተነጠፈው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመሩና መብራቱ ከተመረቁበት ቀን ጀምሮ የጥገና ባለዕዳ ያደርጉናል። አዲስ መንገድ የሚያጸድቅ ምክር ቤት የዚያን መንገድ የ20 ዓመት ጥገናም አብሮ እያጸደቀ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ተረት፦ "መጀመሪያ በጣም የፈረሰው ይጠገን"

ከሁሉም ተረቶች ለማረም የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከርኅራኄ የመጣ ሐሳብ ነው። የባሰበት ይቅደም ማለት ሐኪም ቤት ልክ ነው። መንገድ ላይ ግን ከተማ ያደኸያል።

የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የመንገድ ኤጀንሲ ያወጣው ስሌት አለ፦ በጊዜው ያልተጠገነ መንገድ ሦስት ዓመት ቢተው የማስተካከያው ወጪ 6 እጥፍ፣ አምስት ዓመት ቢተው 18 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት ሙሉ በሙሉ የፈረሰን አንድ ኪሎ ሜትር መልሶ ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ ገና መሰንጠቅ የጀመሩ 18 ኪሎ ሜትሮችን ማዳን ይችላል። ሁሉንም ገንዘብ በፈረሰው ላይ ካፈሰስነው፣ አንዱን ስናድን አሥራ ስምንቱ ጀርባችንን ሰጥተናቸው ይፈርሳሉ። በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩ ይረዝማል፤ ከዚያ በሚቀጥለው ደግሞ ከዚያ በላይ። ሳይቃጠል በቅጠል ስንል የኖርን ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸግረንም።

ዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት በ85 ታዳጊ አገሮች በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በጥገና እጦት የጠፋው መንገድ ዋጋ 45 ቢሊዮን ዶላር እንደነበር ገልጿል፤ በጊዜው ቢጠገን ኖሮ ከ12 ቢሊዮን ዶላር በታች ይበቃ ነበር። የመንገድ ፈንድ የሚባለው ሐሳብ በአፍሪካ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው፤ የኛም የ1989 ዓ.ም. አዋጅ የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

ለእኛ ግን ትምህርቱ ከዚያም ይቀድማል። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሠራቸው መንገዶች ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ተንከባካቢ አጥተው በአሥር ዓመት ውስጥ ተበላሹ። ድልድዩ ተሰበረ፣ ንጣፉ ተገፈፈ፣ ቱቦው ተደፈነ። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከዓለም ባንክ የተበደረችው 5 ሚሊዮን ዶላር እነዚያኑ መንገዶች ለመጠገን ነበር፤ ባንኩ ለአፍሪካ አገር ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ "አውራ ጎዳና" የሚሉት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ያ መሥሪያ ቤት የተወለደው አዲስ መንገድ ከመገንባት በፊት የተገነባው እንዳይጠፋ ለማድረግ ነው።

ታዲያ ቀደም ብሎ የፈረሰበት ሰፈር ምን ይሁን? "ስሌቱ አይፈቅድላችሁም፣ ጠብቁ" መባል የለበትም። እንዲህ ያለ ሰፈር ብዙ ጊዜ ድሃ ሰፈር ነው፤ አምቡላንስ መግባት አለበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት መድረስ አለበት። ለእሱ የሚሆነው ሥራ አለ፦ ቦዩን መክፈት፣ ጉድጓዱን በተመረጠ ጠጠር ሞልቶ መጠቅጠቅ፣ ሙሉው ግንባታ ተራው እስኪደርስ መንገዱ እንዲያስኬድ ማድረግ። ይህ ከአስፋልት በጣም ይረክሳል። ሙሉው ግንባታም ከጥገናው ገንዘብ ላይ ሳይሆን ከግንባታው በጀት ይውጣ። ሁለቱ ከረጢቶች ሲቀላቀሉ ሁልጊዜ የሚጎዳው የጥገናው ነው።

ተረት፦ "በጀት ከጸደቀ ሥራው ወዲያው መጀመር ነበረበት"

ስለ ገንዘብ ብዙ ተባለ። እኔ ግን ኮልፌን ከገንዘብ እጦት ይልቅ የሚጎዳት የቀን መቁጠሪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ሐምሌ ምን ዓይነት ወር እንደሆነ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው አይነገረውም። ገንዘቡ የሚለቀቀው ምንም አስፋልት ማንጠፍ በማይቻልበት ወቅት ነው፤ ትኩስ አስፋልት ደረቅ መሬት ይፈልጋል፣ በእርጥብ ጉድጓድ ላይ የተደፋ አይይዝም። ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ነው። ያኔ የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት ከተጀመረ፣ ጨረታው ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ቅሬታ ተሰምቶ ውል እስኪፈረም ታኅሣሥ ወይም ጥር ይደርሳል። ተቋራጩ ማሽኑን አምጥቶ ሥራ ሲጀምር የካቲት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የበልግ ዝናብ ያቋርጠዋል። ከዚያ ግንቦት ላይ ሩጫ ይጀመራል፤ ሰኔ 30 በጀቱ ይዘጋል፣ ያልተሠራበት የመንግሥት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ከዓመቱ 12 ወር ውስጥ ስምንቱ ከክረምት ውጭ ነው፤ በዚህ አካሄድ በእውነት የሚሠራበት ሦስት ወይም አራቱ ነው።

በሩጫ የተሠራ ጥገና ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ቤቴ አጠገብ ካለ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ያለ አንድ ጉድጓድ በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ ተደፍኗል። በሁለተኛው ዓመት ቆሜ አየሁት። ሰኔ መግቢያ ነበር። ሠራተኞቹ ከመኪና ላይ አስፋልቱን በአካፋ ገለበጡበት፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ አልተጠረገም፣ ጠርዙ አልተቆረጠም። ጠቀጠቀ የሚባለውም የራሱ የመኪናው ጎማ ነው፤ አንዴ ሄደበት፣ አንዴ ተመለሰበት። ነሐሴ ላይ ጉድጓዱ ተመልሶ መጣ፤ እንዲያውም ሰፍቶ።

ጉድጓድ በደንብ ሲደፈን ዳሩ በማሽን በአራት ማዕዘን ይቆረጣል፤ የላላው ሁሉ እስከ ጠንካራው ድረስ ይወጣል፤ ይጠረጋል፣ ይደርቃል፤ አሮጌውና አዲሱ እንዲያያዝ ስስ ሬንጅ ይቀባል፤ ከዚያ አስፋልቱ በንብርብር ገብቶ በመጠቅጠቂያ ይጠቀጠቃል። ጥቂት ሰዓት ይጨምራል እንጂ ተራቀቀ የሚባል ሥራ አይደለም። ያም ሆኖ ውሃው ከየት እንደመጣ ካልታየና ቦዩ ካልተከፈተ፣ እንዲህ የተሠራውም ቢሆን ዕድሜው ያጥራል።

የቀን መቁጠሪያውን ችግር መፍታት ይቻላል። የመንገዶቹ ሁኔታ መለካት ያለበት ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ያደረሰው ጉዳት ትኩስ ሆኖ ሲታይ ነው፤ መንገዱ ተዘዋውሮ ታይቶ ደህና፣ መካከለኛ፣ የተጎዳ ተብሎ በካርታ ላይ ይሰፍራል። በዚያ ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ በጥር ይዘጋጃል፣ የጨረታ ሰነዱ በግንቦት ያልቃል፣ በጀቱ ሐምሌ ሲጸድቅ ክረምቱ ለግምገማና ለውል ይውላል። መስከረም መጨረሻ ላይ ማሽኑ መንገድ ላይ ይሆናል። ሌላው መፍትሔ የብዙ ዓመት ውል ነው። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተቋራጮችን በደፈኑት ጉድጓድ ብዛት መክፈል ትታ፣ መንገዱን ለዓመታት በተወሰነ ደረጃ ላይ ጠብቀው ካቆዩ የምትከፍልበትን ውል ጀመረች። እንዲህ ሲሆን ቦይ መጥረግ የተቋራጩ የራሱ ጥቅም ይሆናል።

ተረት፦ "ኮብል የድሃ አስፋልት ነው"

ይህ አጭር መልስ አለው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በጀርመን የቴክኒክ ድጋፍ ተስፋፍቶ ብዙ ወጣት ሥራ የያዘበት፣ ነዋሪውም በየሰፈሩ ያዋጣበት ኮብልስቶን ለውስጥ መንገድ ከአስፋልት የተሻለ ጠባይ አለው። ድንጋዩ ያገር ውስጥ ነው፤ ዶላር አይፈልግም። የውሃ መስመር ሲቀበር ተነስቶ ያው ድንጋይ መልሶ ይደረደራል። በተዳፋት ላይ ጎማም እግርም ይይዛል። ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፤ ከባድ ጭነት መኪናና ጠርዝ የሚይዘው ድንጋይ ሲነቀል ዝም መባሉ። አንድ ድንጋይ ከዳር ሲወጣ ሁለተኛው ይላላል፤ በወሩ አንድ ሜትር ይፈርሳል። ያንን አንድ ድንጋይ መመለስ ግን የአንድ ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

"አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይቆፍራል"

ይህ ተረት አይደለም፤ እውነት ነው፤ እውነት መባልም አለበት። የውሃ፣ የመብራት፣ የስልክ፣ የፍሳሽ መስመር ሁሉም ከአስፋልቱ ሥር ወይም ከጎኑ ያልፋል። በ2006 ዓ.ም. መሠረተ ልማትን ለማቀናጀት የፌዴራል አዋጅ ወጥቷል፤ ዓላማው መንገዱ ከመነጠፉ በፊት ሁሉም መስመሩን እንዲቀብር ነው። ሰፈሬ ውስጥ ግን አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ገና ዓመት ሳይሞላው በመጥረቢያ ቀጥ ብሎ እንደተሰነጠቀ እንጨት ተቆርጦ፣ በአፈር ተሞልቶ ተትቷል። የተቆረጠ አስፋልት ስፌቱ በደንብ ካልተዘጋ ለውሃ ሰፊ በር ነው፤ ከላይ የተናገርነው የፀጉር ስንጥቅ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚፈጅበትን በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል። የቆረጠ አካል መልሶ የማስተካከያውን ወጪ አስቀድሞ ሲያስይዝና ሥራው ሲረጋገጥ ብቻ የሚመለስለት ከሆነ ይህ ይቀንሳል።

"ወረዳው ነው የማይሠራው" የሚለውስ? በከፊል። አስፋልቱን፣ ዋናውን የቀለበት መንገድ ጨምሮ፣ በኃላፊነት የሚይዘው በ1990 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ነው። የሰፈር ውስጥ ኮብልና ትንንሽ ቦዮች ወደ ክፍለ ከተማና ወረዳ ይቀርባሉ። ከከተማው ወሰን ውጭ፣ በቡራዩና በሰበታ በኩል፣ መንገዱ ወደ ሌላ አስተዳደር እጅ ይገባል። ለተሳሳተው መሥሪያ ቤት የተጻፈ አቤቱታ አንድ ክረምት ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት የመንገዱን ባለቤት ጠይቁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የሚቀጥለው የወረዳ ስብሰባ ላይ "መቼ ይሠራል?" የሚለውን ትታችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ መንገዳችን ባለፈው ጥቅምት ታይቶ በየትኛው ደረጃ ተመዘገበ? የዘንድሮ የጥገና ገንዘብ ከግንባታው ተለይቶ ስንት ነው? ጨረታው በየትኛው ወር ይወጣል? የሰፈራችን ቦይ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠረገው መቼ ነው? መልሱን በወረቀት ተቀበሉ፤ ለእድራችሁም አንብቡት። የማንሆል ክዳን ተነቅሎ ሲሸጥ ያያችሁም ዝም አትበሉ፤ ክዳኑ የሄደበት ጉድጓድ ሰው ይበላል፣ ቱቦውንም በቆሻሻ ይደፍናል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ፣ ሰኔ ሳይገባ፣ ከበራችሁ ፊት ያለውን ቦይ ከጎረቤታችሁ ጋር ሆናችሁ ክፈቱ። አንድ አካፋና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይበቃዋል።